የመሪጌታ ልጅ ጀርመንኛ

ባሕር ዳር ውስጥ ጀርመንኛ አስተምራለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ቀልዱ እስኪከተል ይጠብቃል፤ ቀልድ የለውም። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ጠዋትም ከሰዓትም ‹‹ዴር፣ ዲ፣ ዳስ›› ስል እውላለሁ። የሱቁ ባለቤት ሙሀመድየሱፍ ከታች ሆኖ ሳይፈልግ በጀርመንኛ እስከ መቶ መቁጠር ችሏል።

ተማሪዎቼ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ባሎቻቸው ቀድመው የሄዱ ሙሽሮች ናቸው። ሁሉም ቸኩለዋል። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄያቸው ‹‹ለፈተናው ስንት ቃል ይበቃል?›› የሚል ነው፤ ይህ ጥያቄ ደሜን ያፈላዋል። ቃል እንደ ጤፍ ተሰፍሮ አይሸጥም። ስለዚህ እኔ ዘንድ ሕጉ ሌላ ነው። አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ስም ይወስዳል፤ አንድ ብቻ። ሰፈር ውስጥ አዲስ ጎረቤት እንደገባበት ሰው ያጠናዋል። ምን ማለት ነው፣ ተባዕት ነው አንስታይ ወይስ ግዑዝ፣ ሲበዛ ምን ይሆናል፣ ከየትኛው ግስ ጋር ይስማማል፣ ከየትኛው ጋር አይነጋገርም። ሳምንቱ ሲያልቅ ተነሥቶ ስሙን ያስተዋውቀናል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ በኋላ ይለምዱታል። ያልለመዱት ሌላ አስተማሪ ጋ ሄደዋል፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው።

ርሆቦት የመጣችው ባለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ብቻዋን አልመጣችም። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ከኋላዋ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። እሷ ነርስ ናት፤ ከከተማው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ትሠራለች፤ ሃያዎቹን ልትጨርስ የተቃረበች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትናገር ነጠላዋን ጫፉን የምትይዝ ልጅ ናት። ጀርመን አገር የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ሊሰጣት ተስማምቷል። አንድ ነገር ይቀራታል፤ የቋንቋውን መካከለኛ ፈተና እስከ ክረምቱ መጨረሻ ማለፍ አለባት። ፈተናው ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍና ንግግር አለው።

መሪጌታ ወንበር ስሰጣቸው መርቀውኝ ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ትምህርቱ የሚሰጠው በመጽሐፍ ነው ወይስ በቃል? ሁለቱንም ነው አልኳቸው። በቃል ያለበት ከሆነ እሳቸውም ሊያግዟት እንደሚችሉ ነገሩኝ። እኔ ለወጉ ያሉት መስሎኝ ነበር።

ርሆቦት የተወለደችው ዘጌ ነው። አባቷ እዚያ ዜማ ያስተምሩ ስለነበር ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ጠዋት የምትነቃው በተማሪዎቹ ድምፅ፣ ማታ የምትተኛውም በእሱ ነው። ሴት ልጅ ከእነሱ ጋር የምትቀመጥበት ቦታ ባይኖርም ጆሮ አጥር አያግደውምና ከአጥሩ ወዲህ ሆና የእነሱን ትምህርት ታነበንብ ጀመር። መሪጌታ ይህን ሲያዩ አልተቆጡም። ራሳቸው አስቀምጠው ንባብ፣ ቀጥሎም የግእዝ ግስ አስተማሯት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስትገባ ዳዊትን በቃሏ ትደግም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ልጅ ነው፤ በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ፣ ቀጥሎ የነርስነት ትምህርት። እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ያረፉት ርሆቦት ወረታ ለልምምድ ተልካ ሳለች ነው። ስትደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ነበር። የአባቷም ዓይን እየደከመ ሲሄድ ከዘጌ አምጥታ ከራሷ ጋር አስቀመጠቻቸው። እሑድ እሑድ ግን በጀልባ ሄደው በድሮ ቦታቸው ቆመው ያስቀድሳሉ። ተረኛ ካልሆነች እሷም አብራ ትሄዳለች።

ርሆቦት እኔ ክፍል የደረሳት የመጀመሪያ ስም ‹‹በዙኽ›› ነው።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ በዙኽ ነው። የመጣው ሰው ራሱም በዙኽ ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ አንድ ይሁን ድፍን ሰፈር፣ ጀርመን ‹‹ቪር ሃበን በዙኽ›› ብሎ ያልፈዋል፤ እንግዳ አለብን እንደማለት ነው፤ ቃሉ አይበዛም። የሚበዛው የመጡትን ሰዎች ሳይሆን መምጣቱን ራሱን ስንቆጥር ነው። ‹‹ጹ በዙኽ›› ሲባል ደግሞ በእንግድነት መሰንበት ነው። ጹ በዙኽ የመጣ ሰው ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ ያስቀምጣል፤ ይሄዳላ። ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ እዚያ አገር በዙኽ ሳይደውል እንደማይመጣም እጨምርላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ስኖር ሳይደውል በሬን ያንኳኳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ተሳስቶ ነበር።

ርሆቦት ቃሉን ይዛ ቤቷ ገባች። መሪጌታ መጀመሪያ የጠየቋት ጾታውን ነው። ተባዕት ነው አለቻቸው። ቀጥለው፣ ባለቤት ሲሆን ምን ይላል፣ ዘርፍ ሲሆንስ፣ ተሳቢ ሲሆንስ አሏት። ዴር በዙኽ፣ ዴስ በዙኽስ፣ ዴም በዙኽ፣ ዴን በዙኽ እያለች ስትነግራቸው ፊታቸው እንደበራ ነግራኛለች። ጀርመኖች ግስ የማውረድን ነገር ያውቃሉ ማለት ነው ብለው ተደሰቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተማሩን ሥራ ከእኔ ላይ ወሰዱት ማለት ይቻላል። ዜማውን ለቤተ ክርስቲያን ይተዉት እንጂ ተማሪ በቃሉ የሚያነበንብበትን የውርድ ንባብ ልክ ለጀርመንኛው ፈቀዱለት።

ቀኑ ሲደርስ ርሆቦት ተነሣች። እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ፣ አንድ ጊዜ ተንፍሳ ጀመረች። ትርጉሙን፣ ጾታውን፣ እርባታውን፣ ብዛቱን፣ የሚስማሙትን ግሦች፣ በመጨረሻም የታመመች ጓደኛ ስለመጠየቅ ራሷ የሠራችውን ታሪክ፣ ሁሉንም አንዲት ስህተት ሳይገኝባት አወረደችው። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ታሪኩን ድገሚልኝ አልኩና መሐል ላይ ገባሁባት። ‹‹ቪ ላንገ?›› አልኳት፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ መጠየቄ ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ‹‹ዴር በዙኽ፣ ዴስ በዙኽስ...›› ብላ ከራሱ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።

ያልሰማችኝ መሰለኝ። እንደገና አቋረጥኳት፤ እንደገና ከራሱ። በሦስተኛው ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ አንገቷ ድረስ ላብ አጥምቋት ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባቷ ቤት ትምህርት ራስ አለው። ተማሪ ከራሱ ይጀምራል፣ እስከ እግሩ ያወርዳል። መሐል ላይ የሚያስቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መምህሩ። መምህሩ ካስቆመ ደግሞ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ተሳስተሃል፣ ከራሱ ጀምር ማለት ነው። ጎዶሎ ነገር በእግዚአብሔር ፊት አይቀርብም። ርሆቦት በሕፃንነቷ የጠጣችው ይህንን ነው። ሌላው ተማሪ ስጠይቀው ጥያቄ ይሰማል፤ እሷ የምትሰማው ‹‹ተመለሽ›› የሚለውን ነው። ይህን ስህተት ከተማሪዎቼ ማንም ሊሠራው አይችልም፤ ለመሥራት ዘጌ ከአጥሩ ሥር ማደግ ያስፈልጋል።

ነገርኳት። ገብቶኛል አለችና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ስም ይዛ መጥታ ያንኑ አደረገች። መሪጌታንም ጊዮርጊስ በር ላይ አግኝቼ ነገርኳቸው። ቅር አላቸው። የተጀመረ ነገር እስኪያልቅ መስማት ጨዋነት ነው፣ እነዚያ ሰዎች ይህን አያውቁም እንዴ አሉኝ። ያውቃሉ፣ ግን ጨዋታ ሲሆን እኛም እንገባለን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለመስማማታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ስም በስም ላይ እየተደረበ ሄደ። ጽሑፏ ከክፍሉ ሁሉ በለጠ። እኔ መሐል ላይ እየገባሁ መነካካቴን አልተውኩም፤ እሷም ወደ ራሱ መመለሷን አልተወችም።

ፈተናው ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ነበር። መንገዱ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ሄደች። ንግግሩ ለሁለት ሰው ነው የሚሰጠው፤ አንድ ጉዳይ ይሰጣቸውና እየተነጋገሩ ያቅዳሉ። እሷ የደረሳት ከሐዋሳ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ጉዳዩ ሲገለጥ፣ አንድ ጓደኛችሁ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ልትጠይቁት አቅዱ ይላል። በዙኽ ማለት ነው። ርሆቦት እግዚአብሔር ራሱ ያወጣላት መሰላት።

ጀመረች፤ እንደ ወራጅ ውኃ ሄደችበት። ልጁ የፈተናው ሕግ ስለሆነ መሐል ላይ ገባና ምን ይዘን እንሂድ አላት። ቆመች፤ ከራሱ ጀመረች። ቆይቶ በስንት ሰዓት አላት። ከራሱ። ልጁ ምስኪን ነው፤ ፈታኞቹን እያየ አበባ ይሻላል ወይስ ፍራፍሬ አላት። ከራሱ። ከፈታኞቹ አንዷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ርሆቦት ይህን ስትነግረኝ እስክሪብቶው ሲቀመጥ የሰማችውን ድምፅ ሳይቀር ነገረችኝ።

ንባቡን፣ ማዳመጡን፣ ጽሑፉን አለፈች። ንግግሩን ወደቀች። የወደቁትን ብቻ መልሶ መውሰድ ይቻላል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ነሐሴ ላይ ነው፤ መጦሪያ ቤቱም ከዚያ በላይ አልጠብቅም ብሏል። አዘንኩ። ከማዘኔ ይልቅ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። እሷ ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረችና ሥራ ረፍዶብኛል ብላ ወረደች።

በማግስቱ መሪጌታ ብቻቸውን መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ሙሀመድየሱፍ ክንዳቸውን ደግፎ ነበር። ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ።

‹‹መምህር አንዳርጋቸው፣ ልጅቱን የጣልኋት እኔ ነኝ›› አሉኝ። ‹‹ከራሱ ጀምሪ እያልሁ አሳደግኋት፤ ይኸው ከመሐል መነሣት አቃታት። መድኃኒቱን ንገረኝ።››

መድኃኒቱ የሚያቋርጣት ሰው ነው አልኳቸው። ቤት ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ምግብ ስትሠራ፣ ባገኘበት ሁሉ የሚገባባት ሰው። እኔ ስገባባት ትደነግጣለች፤ የክፍል ጓደኞቿ ደግሞ ያፍሯታል። ያ ያስቆማት ድምፅ የአባቷ ስለሆነ፣ ያው ድምፅ አቋርጦ ‹‹ቀጥይ›› ካላት ሊለቃት ይችላል። መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እያዛወሩ ብዙ አሰቡ። በዕድሜያቸው የተማሪ ንባብ ያለ ስህተት አቋርጠው እንደማያውቁ፣ ነውር እንደሚመስላቸው ነገሩኝ። ከዚያ ግን የመጠየቂያዎቹን ቃላት ስጠኝ አሉ።

ሰጠኋቸው። ቮ የት ነው፤ ቫን መቼ፤ ቫሩም ለምን፤ ሚት ቬም ከማን ጋር፤ ቪ ላንገ ለምን ያህል ጊዜ። አንድ ጊዜ ከእኔ ተቀበሉ፤ ሁለተኛ መድገም አላስፈለጋቸውም። መልሱን ማወቅ አያስፈልግዎትም፣ መጠየቅ ብቻ ነው አልኳቸው። እንዲያውም ባያውቁት ይሻላል፣ አያዝኑላትምና።

የመጀመሪያው ሳምንት ለጉድ ነበር። ርሆቦት እየመጣች ስትነግረኝ ዕንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። መሪጌታ ማቋረጡ ጭንቅ ሆኖባቸው እሷ እስክትጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁና፣ ስትጨርስ ‹‹ቮ፣ ቫን፣ ቫሩም፣ ሚት ቬም›› ብለው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርዱታል። አባባ፣ መሐል ላይ እኮ ነው ትላለች። እሺ ይላሉ፤ በማግስቱም ያው ነው። ቀስ በቀስ ግን ደፈሩ። ሽንኩርት ስትከትፍ ቫሩም። ባጃጅ ውስጥ ቮ። ጀልባ ላይ፣ ዘጌ ሄደው ሲመለሱ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሚት ቬም። ከሁሉ የወደዱት ቫሩምን ነው። እሷም መጀመሪያ ትቆማለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወደ ራሱ ልትመለስ አፏን ስትከፍት ‹‹አትመለሺ›› ይሏታል። ትበሳጫለች። አንድ ቀን በብስጭት አጭር መልስ ወረወረችላቸውና እዚያው ከነበረችበት ቀጠለች። ይህን የሰማሁ ቀን ሙሀመድየሱፍን ሻይ ጋበዝኩት፤ ለምን እንደጋበዝኩት አላወቀም።

ግን አልሞላም። መልሶቿ ገና የትምህርቷ ቁራጮች ነበሩ። ታሪኩን ቆራርጣ ትመልሳለች እንጂ ያላጠናችውን ነገር አትናገርም። ነሐሴ እየቀረበ ነው፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ርሆቦት ሥራ ላይ ሳለች፣ መሪጌታ እንደገና ደረጃውን ወጡ። ልብሳቸው በዝናብ ርሷል። ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በፊቴ ተቀመጡ።

ትናንት በጀልባ ከዘጌ ሲመለሱ የሆነውን ነገሩኝ። ርሆቦት ያችኑ የበዙኽን ታሪክ እያወረደችው፣ እሳቸው እየገቡባት ነበር። ጥያቄው ሁሉ ስላለቀባቸው ከራሳቸው አንድ ሠሩ። ከእሷ አፍ ብዙ ጊዜ የሰሟትን ቃል ወስደው ‹‹ቫን በዙኽ?›› አሏት። ሄደሽ መቼ ትጠይቂኛለሽ ማለታቸው ነው። ወደ ራሱ የምትመለስበት ነገር የለም፤ ይህ በየትኛውም ትምህርት ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ በጀርመንኛ መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። እሳቸው ሥራቸው ስለሆነ ቫሩም ይሏታል፤ ሳትመለስ ከነበረችበት ትቀጥላለች። ድምፅዋ ተለውጦ ስለነበር ጀልባ ነጂው ተጣልታችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ትምህርት ነው አሉት።

‹‹ቃሉን ይዤዋለሁ›› አሉኝ። ‹‹ትርጓሜው የለኝም። አንተ ትፈታልኛለህ።››

እሺ ከማለቴ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩት። ‹‹ኢኽ ቫይስ ኒኽት... ኢኽ ሃበ አንግስት... ቬን ዱ ሽቲርብስት፣ ቢን ኢኽ ኒኽት ዳ...›› ልጅቱ የተናገረችውን በሙሉ፣ ትንፋሽ የወሰደችበትን ቦታ፣ ድምፅዋ የተሰበረበትን ቦታ፣ የራሳቸውን ቫሩም ሳይቀር በየቦታው እየጣሉ እስከ መጨረሻው አወረዱት። አንዲት ቃል አያውቁም፤ አንዲት ቃል አልጎደለም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ላስቆማቸው ፈልጌ ነበር። አላስቆምኳቸውም።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ይህን ልጅቱ ራሷ ብትነግርዎ ይሻላል አልኳቸው። በማያውቁት ቋንቋ የተናገረችው እንዳይሰሟት ብላ እንደሆነ አስረዳኋቸው። አልተቆጡም።

‹‹የተናገረችው ለእኔ ነው፤ ትርጓሜውም የእኔ ነው›› አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፈታሁላቸው። መቼ እንደምመጣ አላውቅም፤ በመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ላይሰጡኝ ይችላሉ። እፈራለሁ። እናቴ ስትሞት አልነበርኩም። አንተም ስትሞት አልኖርም። ለምን ትለኛለህ? የሌላ ሰው አባት እያጠብኩ ነዋ። ከዚያ ጹ በዙኽ ስመጣ ቤቱ ውስጥ የምጠይቀው ሰው የለም። ፈተናውን ብወድቅ ደስ ይለኛል። ለምን ትለኛለህ? እኔ መምረጥ ስለማልችል ነው። ብወድቅ መምረጥ አይኖርብኝም።

ከታች ሙሀመድየሱፍ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል። መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ‹‹ዱ›› ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ደጋግማ እንዳለችው አስተውለዋል። ‹‹አንተ›› ማለት ነው፣ የጀርመን ልጅ አባቱን እንዲያ ነው የሚጠራው አልኳቸው። ርሆቦት በአማርኛ ከእርስዎ ዝቅ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። ‹‹ይሁን›› አሉ፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ።

‹‹እስካሁን ያስተማርኸኝ መጠየቅ ብቻ ነው›› አሉኝ። ‹‹አሁን መልስ ስጠኝ። እኔም እፈራለሁ፤ ቢሆንም ሂጂ፤ ይህ በእነሱ አፍ እንዴት ነው?››

‹‹ኢኽ አውኽ። ጌ ትሮጽዴም›› አልኳቸው። ተቀበሉኝ። እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ በቃቸው።

በአማርኛ ቢነግሯት አይቀልም ወይ አልኳቸው። መነሣት ጀምረው ነበርና ወንበሩን እንደያዙ ቆሙ።

‹‹በአማርኛ ከሆነ አልጨርሰውም›› አሉኝና ጥላቸውን አንሥተው ወረዱ።

የፈተናውን ነገር እዚሁ ላይ ልጨርሰው። ነሐሴ ላይ ሄደች፤ አለፈች። አብራት የተፈተነችው ሴት ወሬኛ ስለነበረች በየቃሉ ትገባባት ነበር፤ ርሆቦትም ከገባችባት ቦታ እየተነሣች መለሰችላት፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም እሷው አቋረጠቻት። ጥቅምት ላይ ሄደች። መሪጌታ ዘጌ ተመልሰው ገቡ፤ ተማሪዎቹ ይጦሯቸዋል። ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ሰው ስለ ፈተናው እያሰበ የሚቀረውን እንዳያልፈው ነው። የሚቀረው የዚያ ሰኞ ምሽት ነው፤ የነገረችኝም ርሆቦት ናት።

ከሥራ ገብታ ድንች እየላጠች ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሪጌታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ የሳምንቱን ስም፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራውን፣ ማውረድ ጀመረች። ገና ሦስተኛው ቃል ላይ አባቷ ገቡባት። ጥያቄ ስትጠብቅ፣ ‹‹ኢኽ አውኽ›› አሏት።

የተሳሳቱ መስሏት ምን አሉ አባባ አለቻቸው።

‹‹ጌ ትሮጽዴም›› አሉ፤ ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳደረጉ፣ ቀስ ብለው፣ አጥርተው።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ማን እንደፈታላቸው ወዲያው ገባት። ትላንት ውኃውን እያየች ያለችው ሁሉ ተራ በተራ መጣባት። ስትነግረኝ አፍራ ሸሸሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሸሸችም።

‹‹አባባ፣ ሰምተውኛል ማለት ነው?››

‹‹ሌሊቱን ሙሉ በቃሌ ስደግምሽ አደርሁ›› አሏት። ‹‹የሰማሁሽ ግን ዛሬ ነው።››

ከዚያ አለቀሱ፤ ሁለቱም፣ ሳይደባበቁ። ድንቹ ሳይቀቀል አደረ።